በቃሬዛ የተሸኘው ጋን

ሞላሌ ላይ ብርድ እንግዳ አይደለም፤ ባለርስት ነው። ማለዳ ከሰው ቀድሞ ይነሳና በየደጁ እየዞረ ማን በሰላም እንዳደረ፣ ማን እንዳላደረ ይቆጣጠራል። የአገሩ ሰውም ለዚህ ብርድ መድኃኒት አላጣም፤ የገብስ አረቄ አለው። የሞላሌ አረቄ ክብሪት አያስፈልገውም፣ ዓይኑ ኃይለኛ የሆነ ሰው ትክ ብሎ ካየው ብቻውን ይነድዳል ይባላል። ግንበኛው ይታየው ይህን መድኃኒት የጀመረው ለብርድ ነበር። ኋላ ግን ለሙቀትም ወሰደው። ለሐዘን ወሰደው፣ ለደስታ ወሰደው፣ ሐዘንም ደስታም በሌለበት በተራ ማክሰኞም ወሰደው።

ሙያውን ማንም አይነቅፍበትም። ድንጋይ ሲመርጥ በግ የሚገዛ ሰው ይመስላል፤ ያገላብጠዋል፣ ጀርባውን ይዳብሰዋል፣ ያልወደደውን “ሂድ ወደ እናትህ” ብሎ ወደ ክምሩ ይመልሰዋል። ሳይጠጣ የሠራው ቤት የልጅ ልጅ ይድርበታል። ጠጥቶ የሠራው ግን ሌላ ነው። እነዚያን ግድግዳዎች የሞላሌ ሰው “እጅ ነሺዎቹ” ይላቸዋል፤ መንገደኛ ሲያልፍ ጎንበስ ብለው ሰላምታ የሚያቀርቡ ይመስላሉና። ሰው በዚህ ይስቅ ነበር። ይታየውም አብሮ ይስቅ ነበር፤ የአባቱን መቃብር እስኪሠራ ድረስ።

አባቱ አቶ ገብረየሱስ ሲያርፉ፣ ልጃቸው ግንበኛ ሆኖ ሳለ መቃብራቸውን ባዳ አይሠራውም ተባለና ይታየው ራሱ ቱንቢውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገባ። ቱንቢ በገመድ የሚንጠለጠል ክብደት ነው፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚመሰክረው እሱ ነው። ያን ሰሞን ቱንቢው ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ቀጥ ያላለው የሚያየው ዓይን ነው። መቃብሩ ወደ ግራ ዘመመ። ቦታው ደግሞ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ነውና እሑድ እሑድ አስቀዳሹ ሁሉ በዚያ ያልፋል። በዚህ ግንብ ማንም አልሳቀም። የከፋውም ያ ነበር።

በዚያው ዓመት የሰፈሩ የጽዋ ማኅበር አስወጣው። ተራው ደርሶ ማኅበርተኞቹ ሊጠጡ ቤቱ ሲመጡ፣ ጋኑን ባዶ፣ ባለጋኑን ሙሉ ሆነው አገኟቸው። ሚስቱ እስከዳር ያን ቀን ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ስባ፣ እንግዶቹን አንድ በአንድ ይቅርታ እየጠየቀች በር ድረስ ሸኘች።

መተውስ ትቶ ነበር። በታቦት ምሎ ትቷል፤ በአባቱ አጥንት ምሎ ትቷል፤ ቄስ ገዝተውት ትቷል። እንደውም መጠጥን እንደ ይታየው አዘውትሮ የተወ ሰው በመንዝ ምድር አልተገኘም። መጨረሻ ላይ ነው እስከዳር አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ ሳትቆጣ የተናገረችው።

“ጠጣህም አልጠጣህም፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ‘ተውኩ’ የምትላትን ቃል በዚህ ቤት አትናገርብኝ። መጠጡን ለምጄዋለሁ። ያልቻልኩት ያቺን ቃል ነው።”

በኅዳር፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ሆዱን ክፉኛ ታመመና በሚኒባስ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ሄደ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ኮከብ ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት፣ ግን ሽማግሌ የሚያፋጥጥ ዓይን አላት። ሆዱን ተጭና ተጭና ስታበቃ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቀችው።

“እንደ ሰው፣ ሲስተር።”

“እንደ ስንት ሰው?”

ይታየው ሰዎቹን በልቡ መቁጠር ጀምሮ ቁጥሩ ወደ ሠርግ ቤት ሲጠጋ ተወው። ኮከብም አልሳቀችም። ጉበቱ መታመሙን ነገረችው፤ የሚወስደውን መድኃኒትና በድንገት ሲያቆም የሚመጣበትን መንቀጥቀጥ አስረዳችው፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናትም እዚያው አስተኛችው። ሲወጣ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለችው ክፍል መጠጥ መተው የሚሹ ሰዎች እንደሚሰበሰቡ ነገረችው። ይታየውም አያለሁ አላት። አያለሁ ማለት በመንዝ አልሄድም ማለት ነው፤ ለሰው ክብር ሲባል ነው የሚለሰልሰው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን እግሩ ወስዶት እዚያው ደረሰ። በሩን አልፎ ሄደ። ክፍሏን ዞረ። ሰው እንዳይጠረጥረው እንደ ባለሙያ ግድግዳዋን እየዳበሰ፣ ማዕዘኗን በአንድ ዓይኑ እያነጣጠረ ዳግመኛ ዞረ። ሦስተኛውን ሲጀምር ከውስጥ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

“ግድግዳው ደህና ነው። ግባ።”

ተናጋሪው ጋሽ ተክለጻድቅ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በደብረ ብርሃን መስመር አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ። ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ያለ አንዳች አደጋ ወጥተው ወርደው፣ ጡረታ ሲወጡ ነው ለራሳቸው ፍሬን እንደሌላቸው ያወቁት። ከአረቄ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተነሱበትን ቀን ሲያወሩ “ጎማዬ ሁሉ ተንፍሶ” ይላሉ። ማኅበርተኛው አሥር አሥራ ሁለት ይሆናል። ከሁሉ ልጅ የሆነው ማሙሽ ባለጋሪ ነው፤ ሲሰክር ፈረሱ ራሱ ቤቱ አድርሶት በር በኮቴው ይመታ ነበር እየተባለ ይወራል። ፈረሱን የሚያውቅ ሰው ይህን ማጋነን ነው አይልም።

ኮከብ መጀመሪያ ሰዎቹን ክብ አስቀምጣ እያንዳንዱ ስሙንና ችግሩን እንዲናገር ሞክራ ነበር አሉ። ስማቸውን ተናገሩ። ችግራቸውን ሲባሉ ስለ ዝናቡና ስለ ማዳበሪያው ተናገሩ። የመንዝ ሰው ገበናውን ለነፍስ አባቱ ይናገራል፤ ለወንበር አይናገርም። ጋሽ ተክለጻድቅ ናቸው እንግዲህ ነገሩን ሰው ወደሚያውቀው መንገድ የመለሱት። ማኅበር ይሁን አሉ። ዳቦ ይቆረስ፣ ጽዋ ይዙር። በጽዋው ውስጥ ግን ውኃ ይሁን። ሕጉም አንድ ነው፤ ከዛሬ አሥራ አምስት ወዲህ ያልጠጣ ይጠጣል፤ የጠጣ አይጠጣም፣ ለጎረቤቱ ያሳልፋል። ያሳለፈውን ማንም አይጠይቀውም። መናገር ከፈለገ ይናገራል፤ ካልፈለገ ዳቦውን ይበላል።

የማኅበር መሪ ሙሴ እንደሚባለው፣ እሳቸውንም ሙሴያችን ይሏቸዋል። ይታየው በመጀመሪያው ቀን ጽዋው ሲደርሰው እጁ ተንቀጥቅጦ ውኃው ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። የተረፈችውን ተጎነጨ። ውኃ እንዲህ ከብዶት አያውቅም።

ለእስከዳር ምን ይበላት? ያቺ ቃል ተከልክላለች። ከሁለት ስብሰባ በኋላ፣ እህል ስታበጥር ጠብቆ፣ መሐል ሜዳ ማኅበር መግባቱን ነገራት። እጇ ላይ ያለው ሰፌድ ቆመ። የማን ማኅበር እንደሆነ ጠየቀችው። በቅዱሳን ስም መዋሸት ፈራና “የሰዎች” አላት። እስከዳር ደግማ አልጠየቀችም። የሰፈሩ ሰው ያስወጣውን ባሏን የመሐል ሜዳ ሰዎች ከተቀበሉት ሌላው ዝርዝር ምን ያደርግላታል? ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲደርስ ጋቢውን አጥባ፣ አጥፋ አልጋው ላይ ታስቀምጥለት ጀመር።

እሱም እንዳልጠጣ አልተናገረም፣ እሷም እንዳላየች ሆና አልጠየቀችም። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካም በብርቱ መከራ አለፈ። እንደ ሕፃን ልጅ ነበር ነገሩ፤ ስሙን ከጠሩት ዓይን ይገባዋል ብለው ሁለቱም የፈሩ ይመስል።

አንድ የማኅበሩ ደንብ ግን ነበረች። እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ በገዛ ቤቱ ያስተናግዳል፤ ጽዋውንም በቤተሰቡ ፊት ያነሳል። ጋሽ ተክለጻድቅ ይህችን ደንብ አይለቁም፤ ቤቱ የማያውቀው መተው መንገድ ዳር እንደቆመ መኪና ነው፣ ማታ ማን እንደሚነዳው አይታወቅም ይላሉ። የይታየው ተራ ከፋሲካ በኋላ ወደቀ። ለእስከዳር ተራዬ ደርሷል፣ ቅዳሜ ሰዎች ይመጣሉ አላት። ዋናውን ነገር ኋላ እነግራታለሁ ብሎ ራቤል ወደምትባለው ከተማ ለሥራ ሄደ፤ የአንድ ነጋዴ ቤት ሊገነባ። እዚያም ሆኖ ድንጋይ በደረደረ ቁጥር የሚነግራትን ይደረድራል፣ ያፈርሰዋል፣ ዳግመኛ ይደረድረዋል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሞላሌ ገብቶ ገና ደጁን ሳይረግጥ አፍንጫው ነገረው። የጌሾ ሽታ ነው። ጓዳ ገባ። ትልቁ ጋን፣ ያ ባዶ ሆኖ የተዋረደው ጋን፣ በወይራ ታጥኖ፣ ሞልቶ፣ አፉ በጭቃ ተለስኖ እንደ ጳጳስ ተጎልቷል። ማኅበር ያለ ጠላ ማን አይቶ ያውቃል? እስከዳር ብቅሉን ያበቀለችው፣ ጌሾውን የወቀጠችው፣ እሱ ራቤል ሆኖ ቃላት ሲደረድር ነው።

ይታየው እዚያው ቆመ። ነገ ከመጠጥ የሸሹ አሥራ ሁለት ሰዎች እዚህ ጋን ሥር ሊቀመጡ ነው። እሱ ራሱም ዛሬ እዚሁ ሊያድር ነው። ጋኑ ምንም አላለውም፤ ግን የቆየ ወዳጅ ዝም ሲል የሚለውን ይል ነበር።

እስከዳር ከኋላው መጣች። ፊቷ ላይ ከዘመናት በፊት የሚያውቀው ብርሃን ነበር። ልስኑን በጥንቃቄ አነሳችና ቀዳች፤ በሁለት እጇ ይዛ አቀረበችለት። ባለቤቱ ሳይቀምሰው ለእንግዳ አይቀርብምና ቅመሰው አለችው። በዚህ ቤት ብርጭቆ ከእጁ ስትነጥቅ እንጂ በእጁ ስትሰጥ ከታየች ዓመታት አልፈዋል። ይታየው ይህን አወቀ። ባይቀበላት ያን ብርሃን ያጠፋዋል። ቢቀበላት ደግሞ እሱ ራሱ ይጠፋል።

ተቀበላት። ብርጭቆውን ይዞ ቆየ። አረፋው ቀስ እያለ ወረደ። ከዚያ መሬት ላይ አስቀመጠው።

“እስከዳር፣ ያቺን የከለከልሽኝን ቃል ልናገራት ነው።”

እሷም ቀና ብላ አየችው።

“ተውኩ። ከአጨዳ ወዲህ አልጠጣሁም። ማኅበሩም የተዉ ሰዎች ማኅበር ነው፤ ጽዋው ውኃ ነው። ልነግርሽ ፈርቼ ነው።”

እስከዳር የጋኑን አፍ በመዳፏ ሸፍና ወደ መሬት አየች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

“እኔስ ምን ስሠራ የከረምኩ መሰለህ? ጠዋት ጠዋት አንተ ስትወጣ ትራስህን ሳሸት ነው የከረምኩት። አንድ ቀን አይሸትም፤ ነገ ይሸታል እላለሁ። ነገም አይሸትም።”

“ታዲያ ይኼን ሁሉ ጠላ…”

“ያን ጊዜ ባዶውን ያየ ሰው ሁሉ ሙሉውን ይየው ብዬ ነዋ። እንዳታፍር ብዬ።”

ተቀምጠው ብዙ ተነጋገሩ፤ የተባባሉትም የእነሱ ነው። የቀዳችውን እስከዳር ወደ ጋኑ መልሳ አፉን እንደገና በጭቃ ለሰነችው። ይታየው ያን ሌሊት በበጎች በረት ዳር ጋቢውን ተከናንቦ አደረ። ብርዱ አጥንቱን እየቆጠረ አነጋለት። ከጋኑ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ከማደር ይሻለኛል ብሎ ነው።

ቅዳሜ ሰዎቹ መጡ። ይታየው ደጅ ላይ አስቁሞ ሁሉንም ሳይደብቅ ነገራቸው። ማኅበርተኛው ወደ ጓዳው አቅጣጫ አየ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድነት ወደ ሰማይ አየ። ይደፋ ተባለ፤ እስከዳር ግን ገብስ የእግዜር ነው፣ አይደፋም አለች። ለነገ ሰንበቴ ይሁን፣ ከቅዳሴ መልስ ምእመኑ ይቅመሰው አለች። ጠላውን በጀሪካን ገልብጦ መውሰድ የሚልም ተነሳ። ጋሽ ተክለጻድቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ገልባጩ ማን ነው? አንተ ነህ? እኔ ነኝ? ከተከፈተ አለቅን። እንደተለሰነ ይውጣ።”

ጋን ሙሉ ጠላ እንደተለሰነ ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም። የእድሩ ቃሬዛ መጣ። ጋኑን ቀጥ አድርገው አቆሙት፣ ዙሪያውን ጭድ ጠቀጠቁበት፣ በጠፍር አሰሩት። ገበያተኛ እንዳያየው ይታየው ጋቢውን አከናነበው። ከዚያ ተሸከሙት። ያኛው ሙሴ ሕዝቡን ባሕር አሻገረ፤ ይኼኛው ከፊት ከፊት በከዘራ እየመራ ጋን አሻገረ። ደግሞም እንዴት ባለ ጥንቃቄ! በዕድሜያቸው ስንቱን ጠላ ያፈሰሱ ሰዎች፣ ያን ቀን አንዲት ጠብታ እንዳትፈስ በሙሽራ እግር አነሳስ ሄዱ። ከጭቃው ስንጥቅ ሽታው ይወጣ ነበር። ማሙሽ ከፊት በግራ በኩል ተሸክሞ ጥርሱን ነክሷል።

ቃሬዛ ሲያልፍ ዝም ብሎ ማየት በዚያ አገር ነውር ነው። ያገኙት ሁሉ ከመንገድ ወጡ፣ ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ፤ ሁለት ገበሬዎች ሳይጠየቁ ትከሻቸውን አስገቡ። ተከናንቦ ቁጭ ያለውን ያየ ሁሉ፣ ወደ ጠበል የሚወሰድ ጽኑ በሽተኛ ነው ብሎ ነበር። ዓይናቸው የደከመው አሮጊቷ እማማ ጥሩሸዋ በትራቸውን ተመርኩዘው መንገዱ መሐል ቆሙ። ሰዎቹም ቆሙ። እማማ እጃቸውን ዘርግተው ጋቢውን ዳበሱ።

“እግዜር ይማርህ ልጄ። ከታመምክ ቆየህ?”

ጋኑ አልመለሰም። ከቃሬዛው ሥር፣ አንገቱን አዘንብሎ የተሸከመው ይታየው ነው የመለሰው።

“ቆየሁ፣ እማማ።”

“አይዞህ፤ ትድናለህ። ጠበሉ ፈዋሽ ነው። ማርያም ትማርህ።”

“አሜን” አለ ይታየው። ጋሽ ተክለጻድቅ አሜን አሉ። ከኋላም ከፊትም ተሸካሚው ሁሉ አሜን አለ፤ አንድም የሳቀ አልነበረም። እማማ ጥሩሸዋ በሽተኛው ለምን ጌሾ ጌሾ እንደሸተተ ሳይጠይቁ አማትበው አሳለፏቸው።

ጋኑን ደጀ ሰላም ውስጥ አስቀምጠው ለዘበኛው አስረከቡ። ሲወጡ ይታየው ከአባቱ መቃብር አጠገብ ቆመ። ጋሽ ተክለጻድቅም ቆሙ። ዘመም ያለውን ግንብ ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ጠቢብ ሰው ናቸውና የማን ሥራ እንደሆነ አልጠየቁም።

“አባትህ ናቸው?”

“አዎ ጋሼ።”

“መቼ ትጀምረዋለህ?”

“ማክሰኞ። ሰኞ ድንጋይ ልምረጥለት።”

ቤት ሲመለሱ እስከዳር ዳቦውን አቅርባ፣ ውኃውን በማሰሮ ይዛ ጥግ ቆማ ጠበቀቻቸው። ጋሽ ተክለጻድቅ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ጽዋው ተሞልቶ ዞረ። ሁሉም ሲጎነጭ ቆይቶ ማሙሽ ጋ ደረሰ። ማሙሽ ጽዋውን ያዘው፣ አየው፣ ሳይቀምስ ለጎረቤቱ አሳለፈው። ደንቡን ያላወቀችው እስከዳር ዳቦው ያነቀው መሰላት፤ ምነው ጠጣበት እንጂ ልጄ አለችው። ማሙሽ ቀና አላለም።

“ረቡዕ ጠጣሁ፣ እትዬ። ዛሬ መሸከሙን ግን ተሸክሜያለሁ።”

አጠገቡ ያለው ሰው የራሱን ዳቦ ገምሶ ፊቱ አኖረለት። እስከዳር ከጥጓ መጥታ ትከሻውን ነካ አድርጋ ተመለሰች።

ይታየው የመጨረሻው ነበር። ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ተነሳ። ተጎነጨ። ማኅበርተኛው ተራው አለቀ ብሎ ሲጠብቅ፣ ጽዋውን ሳይጨርሰው ወደ ጥግ ሄዶ ለእስከዳር ዘረጋላት።

እስከዳር ተቀበለችው። ወደ አፏ አላስጠጋችውም፤ አስቀድማ ወደ አፍንጫዋ ወሰደችና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በደንብ አሸተተችው። ጋሽ ተክለጻድቅ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ዋጡት። ይታየው ቆሞ ጠበቃት።

ውኃ ነበር። ጠጣችው።